በሰው ጣራ ሥር የተገኘ ደስታ

ክረምት ሲገባ ጅማ ላይ ከዝናቡ ሌላ የሚበዛ ነገር አለ፤ ተመሳሳይ ቲሸርት የለበሱ ወጣቶች። በየቀበሌው፣ በየሰንበት ትምህርት ቤቱ፣ በየአጥቢያው ወጣት ክፍል፣ በየመስጊዱ ጀመዓ ቡድን ይዋቀራል። የአቅመ ደካሞች ቤት ይታደሳል፣ ደም ይለገሳል፣ ችግኝ ይተከላል፣ ለታናናሾች የማጠናከሪያ ትምህርት ይሰጣል። አጋሮም፣ ሊሙ ገነትም፣ ሰቃም እንዲሁ ነው። ማታ ቴሌግራም ስትከፍቱ ፎቶው ይጠብቃችኋል፤ ጭቃ የነካው ፊት፣ የተነሳ አውራ ጣት፣ ከሥሩም የተለመደችው ዓረፍተ ነገር፦ «ከሰጠነው የተቀበልነው ይበልጣል።»

ይህችን ዓረፍተ ነገር ያላላት ያለ አይመስለኝም። ብዙ ጊዜ ለትሕትና ያህል የምትባል ናት፤ ማንም ቆም ብሎ አያያትም። እስቲ እኛ ዛሬ እንያት። እውነት ከሆነች እኮ ከባድ ነገር ነው የተናገርነው። ከሰጠነው የተቀበልነው ከበለጠ፣ ያገለገልነው ማንን ነው? ጣራዋ ያፈሰሰባት ሴት ጣራ አገኘች፤ እኛ ደግሞ ደስታ አገኘን፣ ጓደኛ አገኘን፣ ፎቶ አገኘን። ሒሳቡ ሲወራረድ ትርፉ የእኛ ሆነ ማለት ነው። የሰው ችግር ላይ ተገኝቶ በዚህ ልክ መደሰት ልክ ነው ወይ?

ጥያቄው ክርስቲያን ለሆነው ወጣት ሌላም ፈርጅ አለው። እኛ ደስታውን ዝም ብለን «ፈታ አልን» ብለን አንተወውም፤ ስም እንሰጠዋለን። ፕሮቴስታንት ጓደኞቻችን «ኅብረት» ይሉታል። በሰንበት ትምህርት ቤት ያደግነው ደግሞ መምህራኑ ከግእዝ ያመጡትን «ሱታፌ» የሚለውን ቃል እንጠቀማለን፤ መካፈል፣ ተካፋይ መሆን ማለት ነው። በአማርኛ «ፈታ ማለት» ከመፍታት የመጣ ነው፤ የታሰረ ነገር ሲላላ ማለት ነው። ኅብረት ግን በተቃራኒው ማሰር ነው። ሁለቱም ደስ ይላሉ። የትኛው ደስታ እንደ ሆነ ያልለየ ሰው ግን አንዱን በሌላው ስም ሊጠራ ይችላል።

ስምንት ሰው፣ አንድ ጣራ

ነገሩ በአየር ላይ እንዳይቀር አንድ ቀን ላንሳ። ነሐሴ ነው፤ ጾመ ፍልሰታ፤ ዕለቱ ረቡዕ። ስምንት ሆነን ከጅማ ወደ አጋሮ በሚወስደው መንገድ ዳር ወዳለ አንድ ሰፈር በጠዋት ሄድን። ቤቱ ብቻቸውን የሚኖሩ የአንዲት አዛውንት ነው። ቆርቆሮው ዝጎ ተበሳስቷል፤ ዝናቡ የሚወርደው አልጋቸው ላይ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ «አዮ» ነው የሚላቸው፤ በኦሮምኛ እናት እንደ ማለት ነው። እኛም እንዲሁ አልናቸው። አዮ ሙስሊም ናቸው።

ሥራው ቀላል አልነበረም፤ ያን ያህል የሚያስመካም አልነበረም። ሁለት ልጆች ጣራ ላይ ወጥተው አሮጌውን ቆርቆሮ ነቀሉ። አንዱ ሚስማር አቀባይ ሆነ። ሦስቱ ውስጥ ገብተው በዝናቡ የተናደውን ግድግዳ በጭድ በተቦካ ጭቃ መረጉ። አንዷ ዕቃ ስታወጣና ስታስገባ ዋለች። ከፍታ የሚፈራው ልጅ ደግሞ ሙሉውን ጠዋት መሰላል ይዞ ቆመ። አምስት ሰዓት ሊሆን ሲል ሰማዩ ጠቆረና ግርግሩ ሆነ፤ የመጨረሻዋ ቆርቆሮ ተመታች፤ ዝናቡ ወረደ። ስምንታችንም ከአዮ ጋር ውስጥ ተጠጋግተን ቆምን። ቆርቆሮው ላይ የሚደበድበው ድምፅ ጆሮ ያደነቁራል፤ ወደ ውስጥ ግን አንዲት ጠብታ አልገባችም። ማንም ምንም አላለም። ያቺን ዝምታ ነው እንግዲህ ደስታ የምለው።

ከዚያ ቡናው መጣ። አዮ ወተቱን ወደ ጎን እያደረጉ «ጾም ናችሁ አይደል?» አሉ። ቀኑን ከእኛ እኩል ያውቁታል። ጨው ጣል አድርገው ቀዱልን። ጾሙን እስከ ዘጠኝ ሰዓት የማናደርሰው ጠጣን። አንዱ ጓደኛችን ግን የዚያኑ ዕለት ከሰዓት ሊቆርብ ነበርና ስኒውን በሁለት እጁ ተቀብሎ ምክንያቱን ነገራቸው። አዮ አልተቀየሙም። ከተቆላው ቡና ጥቂት በወረቀት ጠቅልለው «ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ አፍልተህ ጠጣ» አሉት።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ክርክር ተነሳ። ዕቃ ስታወጣ የዋለችው ልጅ «እኔ ዛሬ የቆረብኩ ያህል ነው የሚሰማኝ» አለች። ከልጅነቷ ጀምሮ ቆርባ አታውቅም። ሊቆርብ የሚሄደው ልጅ «አይ፣ እሱስ አይሆንም። ቁርባን ስሜት አይደለም» አላት። «ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?» አለችው። እሱ ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ወረደ፤ ጥያቄው ሚኒባሱ ውስጥ ቀረ።

ካንት ሚኒባሱ ውስጥ ቢኖር

ጀርመናዊው ፈላስፋ ኢማኑኤል ካንት በ1785 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የሥነ ምግባር መጽሐፉ ለእንዲህ ዓይነቱ ደስታ ብዙም አይመችም። ሰውን መርዳት ስለሚያስደስተው የሚረዳ ሰው ያስመሰግናል፤ ሥራው ግን ገና የሥነ ምግባር ዋጋ አላገኘም ይላል ሐሳቡ ሲጠቃለል። በራሱ ሐዘን ልቡ የጨለመ፣ ለሰው የሚራራበት አንዳች ስሜት ያልቀረው ሰው ግዴታዬ ነው ብሎ ተነሥቶ ሲረዳ ነው ያ ዋጋ ጎልቶ የሚታየው።

መጀመሪያ ስትሰሙት ደረቅ ነው። ግን እኮ ሁላችንም የምናውቀውን ነገር ነው የነካው። የመጀመሪያው ሳምንት ሃያ ሰው ይመጣል፤ በሦስተኛው ሳምንት ስድስት። ቤቱ እንደሆነ በሦስተኛውም ሳምንት ያፈሳል። ደስታው ምክንያት ከሆነ፣ ደስታው ሲያልቅ ሥራውም ያልቃል። እናቶቻችን የታመመ ጎረቤት ሲጠይቁ፣ ለቅሶ ቤት እንጀራ ተሸክመው ሲሄዱ፣ ለዕድር ሲወጡ «ዛሬ ደስ ይለኛል ወይ?» ብለው አይጠይቁም። መሄድ ስላለባቸው ይሄዳሉ። እዚህ ላይ ካንትና የእኛ እናቶች ይስማማሉ።

ሆኖም ካንት ብቻውን አይበቃንም። አዮን አስቡ። ስምንት ሰው ፊቱን አጨማዶ፣ ግዴታውን ሊወጣ ብቻ ቤታቸው ቢውል ምን ይሰማቸው ነበር? ሸክም መሆናቸው። ሳቃችን ለእሳቸውም ስጦታ ነበር፤ ቤታቸው ውስጥ ሳቅ ከተሰማ ምን ያህል ጊዜ እንደ ሆነው እሳቸው ያውቃሉ። ስለዚህ ደስታን እንደ ሌባ ማባረር አይደለም ቁም ነገሩ። ደስታ ሳይጠራ መጥቶ አብሮ ሲቀመጥ እንግዳ ነው፤ ደመወዝ ሆኖ ሲጠየቅ ግን ቀጣሪ ይሆናል። ቀጣሪ ደግሞ ያሰናብታል።

ወንፈልና ደቦ

አያቶቻችን ይህን ነገር ሳይፈላሰፉበት አልቀሩም፤ ብቻ በእርሻ ቋንቋ ነው የፈላሰፉት። ወንፈል አለ፤ ዛሬ የአንተን አርማለሁ፣ ነገ የእኔን ታርማለህ። የጉልበት ብድር ነው። ደቦ ደግሞ አለ፤ ባለቤቱ ሰው ይጠራል፣ የተጠራው በጉልበቱ ይመጣል፣ ባለቤቱ ያበላል ያጠጣል። በጅማ ዙሪያ ባለው የኦሮሞ ገበሬ ዘንድም ዳዶና ደቦ ተብለው ሁለቱም ይታወቃሉ። ወንፈል ላይ ዕዳው ይቆጠራል፤ ደቦ ላይ ግን ሥራውና ድግሱ አንድ ቀን ላይ ይውላሉ፣ ዘፈኑም ከሥራው ጋር ነው የሚወጣው። ደቦ ላይ የተደሰተ ሰው «በሰው ማሳ ላይ ተደሰትኩ» ብሎ አያፍርም። ምክንያቱም ባለማሳው ችግረኛ ሳይሆን ጋባዥ ነው።

የእኛ የበጎ ፈቃድ ሥራ ከሁለቱም አይደለም። ወንፈል አይደለም፤ አዮ ተመልሰው ጣራችን ላይ አይወጡም። ደቦም አይደለም፤ የጠራነው እኛው ራሳችን ነን፤ ቀኑንም ሥራውንም የመረጥነው እኛ ነን። ዘመቻም አይደለም። በ1967 ዓ.ም. በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ሲላኩ አልሄድም ማለት ትምህርትንም ሥራንም የሚያሳጣ ነበር። የእኛ በፈቃድ ነው። መልካም። ነገር ግን ፈቃዱ የማን ነው? የእኛ ብቻ ነው ወይስ የሚረዱትም?

የቡና አገር ልጅ ይህን ጥያቄ በቀን መቁጠሪያ ሊመልሰው ይችላል። ጅማ ዙሪያ የሰው እጅ አጥብቆ የሚፈለገው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። ቀይ እሸት በአንድ ቀን አይደርስም፤ አንዱ ቅርንጫፍ ላይ ቀዩም አረንጓዴውም አብሮ ይቀመጣል። ስለዚህ እየተመላለሱ ቀዩን ብቻ መልቀም ነው። የተለቀመውም በዚያው ቀን መፈልፈያ ካልደረሰ መፍላት ይጀምራል፤ ጣዕሙ ይበላሻል። ጉልበት ያነሳቸው አዛውንት ቡናቸው ዛፍ ላይ ደርቆ የሚቀረው ያኔ ነው። እኛ ያኔ ክፍል ውስጥ ነን። የምንመጣው በክረምት ነው፤ የጭቃ ምርጊት ለመድረቅ አሻፈረኝ በሚልበት ወቅት። ለምን? ዕረፍታችን ያኔ ስለሆነ። ይህ በራሱ ኃጢአት አይደለም፤ ተማሪ በተማሪ ጊዜ ነው የሚያገለግለው። ግን ቀን መቁጠሪያው የማንን ፈቃድ እንደሚከተል ያሳያል።

በነገራችን ላይ ኅብረት ሥራን እንዴት እንደሚለውጥ ማየት የፈለገ ሰው ሩቅ መሄድ የለበትም። የአጋሮ አካባቢ ቡና ለረጅም ጊዜ ከጀንፈል እየተፈለፈለ «ጅማ 5» በሚባል ዝቅተኛ ደረጃ ይሸጥ ነበር። ከ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ ገበሬዎቹ በማኅበር ሆነው የራሳቸውን መፈልፈያና ማጠቢያ ሲተክሉ ያው ዛፍ፣ ያው ገበሬ ሌላ ቡና አወጣ። ከእነዚህ ማኅበራት አንዱ የሆነው ዱሮሚና በ2012 እ.ኤ.አ. በአፍሪካ አቀፍ የቡና ቅምሻ ውድድር አንደኛ ወጥቷል። ታዲያ ማጠቢያው ላይ ሕጉ ጥብቅ ነው። አንዱ አባል ያመጣው ጥሬ ወይም የበሰበሰ ፍሬ የሁሉንም ጣዕም ያበላሻል፤ ስለዚህ ከረጢቱ በር ላይ ይታያል፣ ይለቀማል። ኅብረት ማለት መተቃቀፍ ብቻ አይደለም ማለት ነው። በር ላይ መታየትም አለበት።

ተሰብስቦ መደሰት ሁሉ ቅዱስ አይደለም

እዚህ ላይ ደስ የማይል ነገር ማንሳት ግድ ነው። ፈረንሳዊው የማኅበረሰብ ተመራማሪ ኤሚል ዱርኬም በ1912 እ.ኤ.አ. ስለ ሃይማኖት በጻፈው መጽሐፍ ሰዎች ተሰብስበው አንድ ነገር ሲያደርጉ አንድ ዓይነት ግለት እንደሚፈጠር፣ እያንዳንዱም ከራሱ በላይ የሆነ ኃይል እንደሚሰማው አሳይቷል። ጥምቀት ላይ ታቦቱን ስናጅብ ይሰማናል። ስታዲየም ውስጥ ይሰማናል። ጣራ ስንመታም ይሰማናል።

ግን ያው ግለት ሌላም ቦታ አለ። በ2003 ዓ.ም. የካቲት ላይ ከጅማ ብዙም በማትርቀው በአሰንዳቦና በዙሪያዋ በአንድ ወሬ የተነሣ በርካታ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችም ከቤታቸው ተፈናቀሉ። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ደግሞ ጎጃም ሞጣ ላይ የተቃጠሉት መስጊዶች ነበሩ። በሁለቱም ቦታ ወጣቶች ነበሩ። በሁለቱም ቦታ መሰባሰብ ነበር፣ አብሮ መጮህ ነበር፣ «እኛ» የሚል ሙቀት ነበር። ምናልባት ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት ከእነሱ መካከል ችግኝ የተከለም ይኖራል።

ይህን የማነሳው ቁስል ለመነካካት አይደለም። አብሮ በመሆን የሚገኝ ደስታ በራሱ የመልካምነት ማስረጃ እንዳልሆነ ለማየት ነው። ሚኒባሱ ውስጥ «ቁርባን ስሜት አይደለም» ያለው ልጅ ሳያስበው ትልቅ ነገር ነው የተናገረው። ስሜቱ የቱንም ያህል የጋለ ቢሆን፣ ወዴት እንደሚወስድ ካልታየ አይታመንም። እንግዲያውስ ክርስቲያኖች ኅብረት የሚሉትን ደስታ ከሌላው ግለት የሚለየው ምንድን ነው?

አምስቱ ልዑካን

መልሱን ከስብከት ሳይሆን ከሥርዓቱ ውስጥ መፈለግ ይቀላል። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ በአንድ ካህን አይቀደስም። ቢያንስ 5 ልዑካን ያስፈልጋሉ፤ 2 ቀሳውስትና 3 ዲያቆናት። የፈለገ ቅዱስ ቢሆን፣ የፈለገ ድምፀ መረዋ ቢሆን ብቻውን አይቀድስም። አምስቱ ጓደኛሞች እንዲሆኑ ግን ሕጉ አይጠይቅም። ተራ የደረሰው ይገባል፤ ምናልባት ትናንት የተኮራረፉ ይሆናሉ፤ እንዲያ ከሆነ ሳይታረቁ መግባት የለባቸውም። ልብ በሉ፤ መዋደዳቸው ቀድሞ ኅብረቱ የሚከተል አይደለም። ኅብረቱ ቀድሟል፤ መዋደዱን የሚጠይቃቸው እሱ ነው።

ዲትሪሽ ቦንሆፈር የተባለው ጀርመናዊ መጋቢ በናዚ ዘመን ከተማሪዎቹ ጋር በድብቅ ኖሮ በ1939 እ.ኤ.አ. ስለ አብሮ መኖር አንዲት ትንሽ መጽሐፍ አሳትሟል። በእሱ አስተሳሰብ ስለ ኅብረት ያለውን ሕልም ከኅብረቱ አስበልጦ የሚወድ ሰው፣ ቅን ቢሆንም እንኳ፣ ኅብረቱን ያፈርሰዋል። ቡድን ውስጥ የነበረ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ሁልጊዜ የሚያረፍድ አለ። ሥራ ላይ የማይታይ፣ ፎቶ ላይ ግን መሃል የሚቆም አለ። የመዋጮውን ገንዘብ ሒሳብ የሚያዘገይ አለ። ደስታችን «እኛ ልዩ ቡድን ነን» በሚለው ሕልም ላይ ከቆመ እነዚህ ሰዎች ደስታችንን ያበላሻሉ፤ እንጠላቸዋለን። ሐዋርያው ጳውሎስ እስር ቤት ሆኖ ለፊልጵስዩስ ሰዎች የጻፈው ደብዳቤ ከደብዳቤዎቹ ሁሉ ደስታ የሞላበት ነው ይባላል። እዚያው ደብዳቤ ውስጥ ግን በስም የሚጠራቸው፣ አብረው ያገለገሉና ያልተስማሙ ሁለት ሴቶች አሉ፤ ኤዎድያንና ሲንጤኪን። ደስ ይበላችሁ የሚለው ምክርና ተስማሙ የሚለው ልመና አንድ ገጽ ላይ ናቸው። የቡድን ጠብ ደስታውን የሚያፈርስ ሳይሆን ደስታው የሚሠራበት ቦታ ነው ማለት ነው።

ሁለተኛው ነገር፣ በቁርባን ላይ ጋባዡ ሌላ ነው። ምእመኑ ይዞት የሚሄደው ነገር ቢኖር ጾሙና ንስሐው ነው፤ ሲደርስ ግን ይቀበላል። ኅብስቱን ራሱ ቆርሶ አይወስድም፤ አፉን ከፍቶ ይሰጠዋል፤ እንደ ሕፃን ማለት ነው። ይህን ከደቦው ጋር አያይዙት፤ ተጠርቶ የሚመጣ፣ የሚበላ፣ የማይከፍል።

ሦስተኛው፣ ማንም ቀድሞ አይበላም። ጳውሎስ የቆሮንቶስን ሰዎች ከተቆጣባቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነበር። ባለጸጎቹ ቀድመው መጥተው በልተው ይጠግባሉ፤ ድሆቹ ከሥራ ሲደርሱ ባዶ ማዕድ ያገኛሉ። ይህ የጌታ እራት አይደለም አላቸው፤ ተጠባበቁ አላቸው። ሥርዓቱ እንከን አልነበረበት ይሆናል። ያጎደለው መጠባበቅን ነው።

እንግዲህ ወደ ጥያቄው እንምጣ። ልጅቷ «የቆረብኩ ያህል» ስትል የአንዱን ምሥጢር ቦታ ለሌላ ሥራ ሰጥታ ከሆነ ተሳስታለች፤ ጓደኛዋ ትክክል ነው። ጣራ መምታት ቁርባን አይደለም። አዮም ወደ ቁርባኑ አልተጠሩም፤ እሳቸውም አልጠየቁም፤ እምነታቸውን በእኛ ደስታ ስም መደባለቅ ክብር አይሆንም። ነገር ግን ልጁ «አይገናኙም» ማለቱ ከሆነ እሱም አላየም። ያቺ ዝምታ ውስጥ የቁርባን ዘመድ የሆነ ነገር ነበረባት። ዝናቡን ያዘነበው ከእኛ ማንም አልነበረም። መሰላል ይዞ የዋለው ልጅ ሚስማር ከመታው እኩል ደስ ብሎታል። ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ በመጨረሻ ጋባዧ አዮ ሆኑ። ልንሰጥ ሄደን ተቀባይ ሆንን። «ከሰጠነው የተቀበልነው ይበልጣል» የምትለው ዓረፍተ ነገር ከፉከራ ወደ እውነት የምትለወጠው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ትርፉን ከችግራቸው ቆርሰን አልወሰድነውም፤ በእጃቸው ቀድተው ሰጡን።

ስኒዋም ራሷ ታሪክ አላት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ቡና የሙስሊምና የኦሮሞ መጠጥ ነው ተብሎ ካህናቱ ይከለክሉት ነበር፤ ነገሩ የላላው ወደ ክፍለ ዘመኑ መጨረሻ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። ዛሬም ጅማ ላይ የክርስቲያንና የሙስሊም ሥጋ ለየብቻ ነው የሚታረደው፤ ቡናው ግን አንድ ጀበና ነው። ሁሉን ነገር አንድ ማድረግ አያስፈልግም፤ አንድ የሆነውን ማክበር ግን ያስፈልጋል።

በድሃ በር ላይ ያለ ዝግጅት

የልጅቷ ነገር ግን ገና አላለቀም። በብዙ አጥቢያዎች የሚቆርቡት ሕፃናትና አረጋውያን ናቸው። መሃሉ፣ ማለትም እኛ፣ የለንም። ምክንያቱን ብትጠይቁ ንቀት አይደለም፤ ፍርሃት ነው። አልተዘጋጀሁም፣ አልበቃሁም፣ ቆርቤ ብመለስስ። ይህን ፍርሃት ማቃለል አልፈልግም፤ ከግድየለሽነት ይሻላል። ግን አንድ የሚገርም ነገር አለው። ወደ ጽዋው ለመቅረብ አልበቃሁም የሚለው ያው ወጣት ወደ ድሃ ቤት ለመግባት አንድ ቀን እንኳ አይፈራም። ቲሸርት ይለብሳል፣ ይገባል።

በ407 እ.ኤ.አ. ያረፈው ዮሐንስ አፈወርቅ፣ በስሙ የሚጠራ ቅዳሴ ከ14ቱ ቅዳሴያት አንዱ የሆነለት አባት፣ በዚህ ይገረም ነበር ብዬ አስባለሁ። ድሃው ራሱ መሠዊያ ነው ብሎ አስተምሯልና፤ በየመንገዱ የሚገኝ መሠዊያ። በመቅደስ ውስጥ ሐር እያለበሱ ደጅ ላይ በብርድ የሚሞተውን ማለፍ ለእሱ ትርጉም አልነበረውም። እሱን ከሰማነው ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ ወደ አዮ መሠዊያ በድፍረት የቀረበች ልጅ ወደ ሌላውም በንስሐ መቅረብ ትችላለች፤ የንስሐ አባቷን ማነጋገር ከጣራ መውጣት አይከብድም። ሁለተኛ፣ ይህኛው ደግሞ ለሁላችንም ነው፤ ወደ ድሃው በር ስንሄድ ያን የምንፈራውን ዝግጅት ግማሹን ይዘን እንሂድ።

ዝግጅቱ ምን ይመስላል? ለቁርባን መጀመሪያ መታረቅ ይቀድማል፤ ለአገልግሎትም የተኮራረፈ ቡድን ሰው ቤት ከመግባቱ በፊት ይታረቅ። ለቁርባን 18 ሰዓት ይጾማል፤ ለአገልግሎትም ከአንድ ነገር መጾም ይቻላል፤ ለምሳሌ ከካሜራ። የባለቤቷን ፊት ያለ ፈቃዷ ለሺህ ሰው ማሳየት ስጦታውን መልሶ መውሰድ ነው። ለቁርባን ተጠርቶ ነው የሚቀረበው፤ ለአገልግሎትም ቀድሞ ሄዶ «ምን ይጎድላል? መቼ ብንመጣ ይሻላል?» ብሎ መጠየቅ አለ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ በ1992 ዓ.ም. የግብርና ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ተቋሙ ተዋሕደው ከተመሠረተ ጀምሮ በማኅበረሰብ ላይ የተመሠረተ ትምህርት መለያው ነው። የሕክምናው፣ የነርሲንጉ፣ የፋርማሲው ተማሪ በአንድ ቡድን ሆነው እንደ አጋሮ ባሉ ከተሞች ሲመደቡ መጀመሪያ የሚያደርጉት ቤት ለቤት ዞሮ መጠየቅ ነው። መድኃኒቱ ከጥያቄው በኋላ ነው የሚመጣው። ለነጥብ የሚሠራ ተማሪ መጠየቅ ካልተወ፣ ለፍቅር ነው የምሠራው የሚል ሰው እንዴት ይተዋል?

ከዚህ ሁሉ በኋላ ደስታው ባይመጣስ? ጠይቃችሁ፣ ታርቃችሁ፣ ካሜራውን ትታችሁ ሄዳችሁ ቀኑ ሙልጭ ያለ ድካም ብቻ ቢሆንስ? ይሆናል። ዝናብ በሰዓቱ የማይመጣበት፣ ቡና የማይፈላበት፣ ባለቤቷ የምትነጫነጭበት ቀን አለ። ቅዳሴም ሁልጊዜ አያስለቅስም። ቁርባን ግን የተቀባዩን ስሜት ጠብቆ ቁርባን አይሆንም። ሥራውም እንዲሁ ነው፤ የተመታው ቆርቆሮ ማንም ቢከፋው ዝናብ ይከለክላል። ደስታ በጋባዡ ፈቃድ የሚሰጥ ከሆነ ሳይሰጥ የቀረበትን ቀን መቀበልም የእንግድነት ጨዋነት ነው።

ቅዳሴ ሲያልቅ ሕዝቡን በሰላም ያሰናብታል እንጂ እዚያው ያዙኝ አይልም። መቅደሱ ውስጥ የቀረ ደስታ ገና ሥራውን አልጀመረም። ለጅማና ለዙሪያዋ ልጆች ይህ መሰናበት በዚህ ዓመት ወደ ጥቅምት ሊወስድ ይችላል። ቲሸርቱ ታጥፎ ተቀምጧል፣ ፎቶ የሚያነሳ የለም፣ ፈተና ደርሷል። አንዲት አዛውንት ጓሮ ግን ቀይ እሸት ዛፍ ላይ ቆሟል፤ ከአሥር ቀን በላይ አይጠብቅም። ሁለት ቅዳሜ ቢገኝ ይበቃል። አራት ሰው ቢሆንም ይሠራል። የሚኮራረፉ ካሉ መንገድ ላይ ይታረቁ።